ጉሬዛና ሸርጣን የተሟገቱበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ኮልፌ ውስጥ፣ ማታ ማታ ችሎት የሚያስችሉት ጎረቤታችን አባባ ዘለቀ ነበሩ። ዕድሜያቸውን መናገሻ ጫካ ውስጥ ጣውላ ሲሰነጥቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቆርቆሮ ምድጃ ውስጥ የጠቀጠቁት ሰጋቱራ ቀስ እያለ እየጤሰ፣ ኩራዙ ጥላችንን ግድግዳው ላይ እያገዘፈው፣ ሁለት እንስሳት የሚካሰሱበት ተረት ይጀምሩና መሃል ላይ ያቆሙታል። ከዚያ ወዲያ ተሟጋቾቹ እኛ ልጆቹ ነን፤ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ሆነው ይፈርዳሉ። ያኔ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ትንፍሽ የማይሉት ወላጆቻችን በር ላይ ቆመው ይሰሙን ነበር።

ሁልጊዜ የሚረታኝ ወንድሜ ዳዊት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ረትቼው አላውቅም፤ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ምሽት ጉሬዛና ሸርጣን «ማን ይሻላል?» ተባባሉ። ዳዊት ቀድሞ ጉሬዛን ወሰደና ነጭ ካባውን፣ ከዛፍ ዛፍ ዝላዩን አሳምሮ ተናገረ። ለእኔ የቀረልኝ ወንዛችን ውስጥ ድንጋይ ስንገለብጥ ወደ ጎን እየሮጠ የሚያመልጠን ሸርጣን ነው። ደግነቱ ሸርጣንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተቆነጠጠው ጣቴ ይመስክር።

«የሸርጣን ቤቱ ድንጋይ ነው፣ ልብሱም እንደ ድንጋይ ነው» አልኩ። «ጉሬዛ ግን ዛፉን ቢቆርጡበት የት ይገባል?»

ፍርዴን ስጠብቅ አባባ ዘለቀ ከበርጩማቸው ተነሱና ምንጣፉ ላይ፣ እኛ መሃል ተቀመጡ።

«በዚህ ነገር እኔ ዳኛ ልሆን አልችልም» አሉ። «ዛፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ነይ ልጄ፣ አንቺ ፍረጂ።»

በጣም ተናደድኩ። የፈለግሁት ዳዊትን ረትተሽዋል እንዲሉኝ ነበር። በንዴት በርጩማው ላይ ወጣሁና «እንግዲያው በቆረጡት ፋንታ ይትከሏ!» አልኩ።

«እሺ፣ ጓድ ዳኛ!»

በር ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ክረምት ሲገባ አጥራቸው ሥር ዝግባ ተከሉ፤ በበጋ የእጃቸውን እጣቢ ሳይቀር ለእሱ ያጠራቅሙለት ነበር።

ዛሬ እውነተኛ ችሎት ላይ እቀመጣለሁ። ያኔ ያናደደኝን ነገር፣ ዳኛ ራሱ ያለበት ጉዳይ ሲመጣ ከወንበሩ መነሳቱን፣ ብዙ ሰው ሲያደርገው አላየሁም። እኔ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አልቆጨኝም። ከፍርዶቼ ሁሉ ግን የምኮራው በዚያ በመጀመሪያው ነው። አባባ ዘለቀ ካረፉ ቆዩ፣ ዝግባው ጣራቸውን አልፎ ሄዷል። ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ፤ ጉሬዛው ብቻ ገና አልመጣም።