ከጆሮ ጀርባ

የውበት ሙያን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ለከንቱነት ወንበር ማዘጋጀት ነው። ይህን የተናገረው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሲሆን፣ የተናገረውም አርባ መምህራን በተሰበሰቡበት፣ የሙያው አስተማሪ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ በምትሰማበት ስብሰባ ነው። ፍርዱ የሞኝ ፍርድ አይደለም። ከሙያው እንጀራ የሚበሉ ብዙዎች በየዕለቱ እውነት ያደርጉታል፤ ያላማረውን አማረ ይላሉ፣ ደንበኛ በሩን እስኪወጣ ይስቃሉ፣ ከወጣ በኋላም ይስቃሉ። ስለዚህ በቁጣ ሊመለስ አይገባውም፤ በማስረጃ ሊፈተን ይገባዋል።

ማስረጃው አስተማሪዋ ራሷ ናት። ተማሪዎቿ ፊት ለፊት “ቲቸር” ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን ስሟ “ከጆሮ ጀርባ” ነው። የፀጉር ቀለም ከመቀባቱ ከሁለት ቀን በፊት አንዲት ጠብታ ከደንበኛዋ ጆሮ ጀርባ ተቀብታ፣ ቆዳዋ ቀለሙን መቻሉ መታየት አለበት። ይህን ደንብ የማያውቅ የሙያው ሰው የለም፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። እርሷ ገና ደህና አደራችሁ ሳትል ስለ ደንቡ መናገር ትጀምራለች።

ይህችን ሴት ለመውደድ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፊቷ በቀላሉ አይፈታም። ቂም ትይዛለች። የሌላ ፀጉር ቤት ሥራ መንገድ ላይ ካየች ቆም ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ ያዘነችው ለደንበኛዋ ይሁን ለሙያው አይታወቅም። ከአፏ የሚወጣው ትልቁ ምስጋና “ደህና ነው” የሚል ነው፤ እርሱንም በዓመት ሁለቴ የሰማች ተማሪ ዕድለኛ ናት።

ክፍሏ ቀድሞ የተሰባበረ ዴስክ ማከማቻ ነበር። ሁለት ማጠቢያ ገንዳ አለው፤ ሙቅ ውሃ የሚመጣው ካንዱ ብቻ ነው። ሦስቱ መስተዋቶች ከተለያየ ቦታ የተለገሱ በመሆናቸው አንዱ ሰውን ያቀጥናል፣ ተማሪዎቹም ለእርሱ ይሻማሉ። መደርደሪያው ላይ የመለማመጃ የፕላስቲክ ጭንቅላት ተቀምጣለች፤ “እመት ዝምታ” ብለው ሰይመዋታል።

“ቲቸር፣ እመት ዝምታ ዛሬም ፀጉሯ ረገፈ።”

“እሷማ አትናገርም። የምትናገረዋ ስትመጣ ነው ጉድሽ የሚፈላው።”

የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት መቀስ የሚባል ነገር አታስነካቸውም። የሚማሩት ራስ ማጠብ ብቻ ነው፤ በጣት ጫፍ፣ ጥፍር ሳያስነኩ፣ ውሃውን አስቀድሞ በራስ ክንድ ለክቶ። አንድ ጊዜ የአንዷ ተማሪ አክስት በንዴት መጣች።

“ልጅቷን የላክናት ሙያ ልትማር ነው ወይስ የሰው ራስ ልታጥብ?”

“ይቀመጡና ልጠብዎት፤ ከዚያ ይፍረዱ።”

አክስትየዋ ተቀመጠች። ውሃው ከመቆሙ በፊት እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ስለ ክርክሩ ምንም አላነሳችም።

አስተማሪዋ ወደ ሙያው የገባችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ወለል ላይ የተቆረጠ ፀጉር በመጥረግ ነው። በሃያ ዓመቷ ቀለም የምትቀባ ሆነች። አንድ ቀን ለእህቷ ሠርግ የቸኮለች ሴት መጣች፤ ጠብታውንም ሁለት ቀኑንም ዘለሉት። ሴትየዋ በሦስተኛው ቀን ዓይኖቿ አብጠው ተከድነው፣ በሰው እጅ እየተመራች ተመለሰች። የቤቱ ባለቤት “የበላሽው ነገር ይሆናል፣ እህቴ” አለቻት። ቀለሙን የቀባችው ወጣት ፎጣ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ዝም አለች።

ሴትየዋ ዳነች፤ ወደዚያ ቤት ግን አልተመለሰችም። አስተማሪዋ ይህን ታሪክ በየዓመቱ፣ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለች። “ዝም አልኩ” ስትል ትጨርስና ስም መጥራት ትጀምራለች።

ምክትሉ ያን ፍርድ በሰጠ ዓመት ምዘና የሚቀርቡት ተማሪዎች ስድስት ነበሩ። ስድስቱም ባንድ ጊዜ ካላለፉ ክፍሉ ተዘግቶ የፋይል ማከማቻ እንዲሆን ተወስኗል። ይህን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም።

በተርታ አምስተኛዋ፣ አፏ ስለማያርፍ “ምላሴ” የሚሏት ልጅ ናት። ከሁሉም እጇ የቀና እርሷ ናት፤ ካለፈች የሚቀበላት ፀጉር ቤት ከወዲሁ ተገኝቶላታል። ቀለም የምትቀባው ለእናቷ ነው። እናትየዋ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ በፈረቃ ትሠራለች። ለዕለቱ ደህና ልብሷን ለብሳ፣ ከጆሮ ግንዷ በላይ ሽበት የወረሰውን ፀጉሯን ፈትታ ወንበሩ ላይ ተሰየመች።

“ራሴን በራ እንዳታደርጊው ብቻ” አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።

“እማ፣ ዝም በይ፣ ነጥብ ታስቀንሺብኛለሽ።”

ከውጭ የመጣችው መዛኝ ልጅቷ የሞላችውን መዝገብ ገለጠች። “ከሁለት ቀን በፊት ከጆሮ ጀርባ ተፈትሿል፤ ምንም የለም” ይላል። ራሷን ነቅንቃ ምልክት አደረገችበት። ምላሴ ቀለሙን በጥባ ብሩሹን አነሳች።

አስተማሪዋ በዚያ ስታልፍ፣ ከልማድ የተነሳ፣ የእናትየዋን ፀጉር ገለጥ አድርጋ አየች። ጠብታው ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ቡናማ ጥላ ይተዋል። ምንም የለም። በሌላው ጆሮ በኩል አየች። እዚያም የለም። ከዚያ ቀና ስትል ፀጉሯን ወደ ላይ የቋጠረችውን ልጅ አየች። ከልጅቷ ቀኝ ጆሮ ጀርባ የምስር ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ አለች።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ቲቸር፣ እማን አላገኘኋትም። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፣ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። እና… እኔ ላይ አደረግሁት።”

“አንቺ ላይ።”

“እናቴ አይደለች? አንድ ደም ነን። እኔን ካልነካኝ እሷን ምን ያደርጋታል?”

“እውነቷን ነው” አለች እናትየዋ። “ቁርጥ እኔን ነው የምትመስለው።”

በሩ አጠገብ የቆመው ምክትል ነገሩ ገባው። አስተማሪዋን በክንዷ ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

“ለአንዲት ጠብታ ነው? መዛኟ አላየችም፣ እናትየዋም ራሷ ፈቅዳለች። የትምህርት ቤቱ ስም አለ፣ ክፍሉም ይዘጋል፤ ያውቃሉ።”

“አውቃለሁ።”

ሙያውን ከንቱ ያለው ሰው አሁን የሚጠይቀው ነገሩ ከላይ ሲያዩት እንዲያምር ብቻ እንደነበረ ልብ ይሏል።

በአስተማሪዋ ክንድ ላይ ፎጣ ነበር። ልጅቷ ብሩሹን በአየር ላይ ይዛ በዓይኗ ትለምናታለች፤ ይህች ልጅ ለማታለል ያላሰበች፣ እናቷንም የምትወድ ልጅ እንደሆነች ታውቃለች። ዝም ብትል ምናልባት ምንም አይደርስም። ምናልባት የሚለውን ቃል ግን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አምናው ነበር።

ሄዳ ብሩሹን ከልጅቷ እጅ ወሰደችና ገንዳው ውስጥ አስቀመጠችው። ወደ መዛኟም ዞረች።

“ይህ ምዘና መቆም አለበት። መዝገቡ እውነት አይደለም። ጠብታው የተደረገው ሌላ ሰው ላይ ነው።”

ምላሴ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጥታ ሄደች። እናትየዋ ከወንበሩ ተነሳች።

“ልጄን በሰው ፊት አዋረዷት። ቆዳዬን እኔ አላውቀውም?”

“ቆዳዎን ያውቁታል። ቀለሙን ግን አያውቁትም። ይቆጡኝ፣ አይከፋኝም። ጆሮዎን ብቻ ያውሱኝ።”

እናትየዋ ተቆጥታ እንደቆመች ጆሮዋን ሰጠች። ጠብታዋ ተቀባች።

በሁለተኛው ቀን ከፈረቃዋ በቀጥታ መጣች። አስተማሪዋ መስኮት አጠገብ አቁማ አየቻት፤ ቆዳው ንጹሕ ነበር፣ መቅላትም ማበጥም አልነበረበትም።

“አላልኩም?” አለ ምክትሉ፣ መተላለፊያው ላይ ሲያገኛት። “ምንም አልነበረም።”

“ያን ቀን ግን ማንም አላወቀም ነበር።”

ቆዳው ቢያብጥ ኖሮ ይህችን ሴት ማድነቅ ቀላል በሆነ። አላበጠም። አድናቆቱ ያለዚያ ድጋፍ መቆም አለበት፤ ይቆማልም።

መዛኟ ልጅቷን “ገና ብቁ አይደለችም” ብላ መዘገበች፤ ከወር በኋላ እንድትደግምም ፈቀደች። ከዚያ በታች፣ ስህተቱን የገለጸችው የራሷ አስተማሪ መሆኗን ጠቅሳ፣ እንዲህ ያለ ክፍል እንዳይዘጋ ጻፈች። ክፍሉ አልተዘጋም። ምክትሉ የመዛኟን ጽሑፍ ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ከተተው።

ምላሴ ለሁለት ሳምንት አስተማሪዋን አላናገረቻትም፤ ለእርሷ ይህ ቀላል ቅጣት አልነበረም። ለድጋሚው ምዘና ሁለት ቀን ሲቀረው ጠብታውን ይዛ እናቷ የምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ድረስ ሄደች፤ በምሳ ሰዓት፣ እርጥብ አንሶላ በተቆለለበት ጋሪ አጠገብ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ቀባችላት። በምዘናው ቀን መዛኟ መዝገቡን ከማንበቧ በፊት የእናትየዋን ጆሮ ገልጣ አየች። ልጅቷ አለፈች። አስተማሪዋ ቀለሙን በብርሃን ፊት መረመረችና “ደህና ነው” አለች።

ለእናትየዋ ሁለት ቀን ይገባት ነበር፤ ተሰጣት። ለአስተማሪዋም በእነዚያው አርባ መምህራን ፊት የሚነገር አንድ የእርማት ቃል ይገባታል። እስካሁን አልተነገረም።