ጥቁሩ ስክሪን

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ልጄ ሰዓዳ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለች፣ ለሴሚስተር እረፍት ወደ ከሚሴ በመጣችበት ሰሞን ነው። ከሱጁድ ቀና ባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሰዓዳ ያገለገለ ላፕቶፕ ነበራት። የጎረቤት ልጆች ኮምፒውተር በቀለም ያሸበረቀ ነው። የእሷ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደል ብቻ። ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች።

«ይሄ ነገር ተበላሽቶ ነው እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ኧረ እማ፣ ደህና ነው! አንቺ ደግሞ ቴሌቪዥን መሰለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አላመንኳትም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ጎደለኝ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እንዳልጨነቅ ደብቃኝ ነው አልኩ።

አክስቷን ልትጠይቅ ሰንበቴ ከተማ የሄደች ዕለት ላፕቶፑን ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰው ከፍቶ አየው።

«እናቴ፣ ይሄ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ነው። አጥፍቼ እንደ ሌላው ሰው ዊንዶውስ ልጫንልዎት? ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለው?»

«ምን አለው ልጄ፣ ፊደል ብቻ ነው» አልኩት። የነበረውን አጥፍቶ አዲሱን ጫነልኝ።

አስር ሰዓት ላይ ሰዓዳ መጥታ ስትከፍተው ደስታዋን ለማየት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ስክሪኑ በቀለም በራ።

«እማ፣ ማን ነካው?»

ነገርኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ለካ የመመረቂያ ሥራዋ እዚያ ውስጥ ነበር። አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ «ጋራቱ ነ ዱኩባ» ብትል፣ አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ነርስ «ሆዴን ያመኛል» ብሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ቃላቱን ከአሮጊቶች ዘንድ እየዞረች ለወራት ሰብስባለች። ፍላሽ ላይ የቀራት ጅምሩ ብቻ ነበር።

«ለምን በዚያ ጥቁር ነገር ትሠሪያለሽ ታዲያ?» አልኳት እያለቀስኩ።

«ሌሎቹን የኮድ መጻፊያዎች ሞክሬያቸዋለሁ እማ። ለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ይከብዱታል። ይሄ ቀላል ነው፣ እጄም ለምዶታል። መርጬው ነው።»

እኔ እኮ እጦት መስሎኝ ነበር።

አልተቆጣችኝም። ውዱእ አድርጋ የአስርን ሶላት ሰገደች። በማግስቱ ጠጋኙ ጋ ሄድን። ሁለት ቀን ሙሉ ሞክሮ አንድም ነገር ሊመልስ አልቻለም። እሱም አዘነ።

ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ቀረች። በዓመቱ ተመረቀች፤ ቃላቱን እንደገና ስትሰበስብ ግን ከአሮጊቶቹ ሁለቱ በሕይወት አልነበሩም።

ዛሬ ሥራ ይዛለች፣ አልሐምዱሊላህ። ዘመድ ተሰብስቦ «ያኔ ለምን ዘገየሽ?» ሲላት፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ቀድማ «ኮምፒውተሩ በራሱ ተበላሽቶብኝ» ትላለች። ሁሉም የሚያውቀው ይህንን ነው።

እንዲህ ያለች ልጅ የሰጠኝን አላህን አመሰግናለሁ። ስትሸፍንልኝ በሰማሁ ቁጥር ግን ልቤ ይደማል። ዘመዶቼ ይህን ካነበባችሁ እወቁት፤ በራሱ አልተበላሸም። ያስጠፋሁባት እኔ እናቷ ነኝ።