የእማማ አስካለ ተቀባዮች

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ገመድ መጠቅለል ነበር። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምት ገብቷል። የፊዚክስ መምህራችን ጋሽ ደምሰው መሐል ሜዳ ከተማ ካለው ቤታቸው አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አድርገዋት ረዳት ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። የማይኩን ገመድ ክርኔ ላይ ጠቅልዬ ሳስረክባቸው ፈትተው መልሰው ሰጡኝ። አንዱን ዙር በላይ፣ ቀጣዩን በታች አድርጌ እንድጠቀልል አሳዩኝ፤ አለዚያ ገመዱ ውስጥ ውስጡን ተጠማዝዞ ይበጠሳል። ያን ቀን ሌላ ዕቃ አልነካሁም።

የክፍሉ ግድግዳና ጣሪያ በዝተት ተሸፍኗል፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራሙ ምንጣፍ ማለቴ ነው። ሌላ ቦታ ድምፅ እንዳያስተጋባ ስፖንጅ ይለጥፋሉ፤ እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የመንዝ በግ ይሠራዋል። ክፍሉንም ለሁለት የሚከፍለው እንደ መጋረጃ የተሰቀለ ዝተት ነው፤ ወዲያ ማይኩ፣ ወዲህ ላፕቶፑ። በረዶ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ግን ዝተትም አያድንም። ቁጭ ብለን እስኪያባራ እንጠብቃለን።

በጋሽ ደምሰው ቤት ማዕረግ አለ። መጀመሪያ ገመድ፣ ከዚያ ማይክ ማቆም፣ ከዚያ መቅረጽ፣ በመጨረሻ ሚክስ። ሚክስ ማለት ለየብቻ የተቀረጹትን ድምፆች፣ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው አመጣጥኖ አንድ ማድረግ ነው። ማይክ ማቆም ላይ ስድስት ወር ቆየሁ። አንድ ጊዜ ማይኩን ለዘማሪዋ አፍ አስጠግቼው ትንፋሿ ሁሉ እንደ ነፋስ ገባና መዝሙሩ ተበላሸ። ጋሽ ደምሰው አልተቆጡም። ሽቦ በክብ አጥፈው የናይለን ካልሲ ወጠሩበትና ማይኩ ፊት አቆሙት። እስከ ዛሬም የምንሠራው በእሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ደምሰው ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ሄዱ። ስቱዲዮውን ለብቻዬ የያዝኩት ያኔ ነው። በዚያው ጠዋት አንዲት እናት ከሞላሌ በሚኒባስ መጡ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። እማማ አስካለ ነበሩ። በዚያ አገር ሠርግ ላይ ዘፈን በማውጣት የሚታወቁ ሴት ናቸው።

ባለቤቱ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። የሉም፣ የምቀርጸው እኔ ነኝ አልኳቸው።

«አንቺ? እናትሽ ታውቃለች?»

«የላከችኝ እሷ ናት።»

ሳቁና ተቀመጡ። ወንድማቸው በኅዳር አርፎ ሐዘን ላይ ናቸው። የክርስትና ልጃቸው ትርሲት ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልትዳር ነው። ክርስትና ያነሷት ዕለት፣ በሠርግሽ የማወጣልሽ እኔ ነኝ ብለው ቃል ገብተዋል። ጥቁር ለብሰው ዳስ መሐል ቆመው ቢዘፍኑ፣ የወንድሟ አፈር ሳይደርቅ መባሉ አይቀርም። ቃላቸውን ቢያስቀሩ ደግሞ ልጅቷ ሌላ እናት የላትም።

«የነፍስ አባቴን ጠይቄያለሁ» አሉኝ። «ቃልሽን አታጥፊ ብለውኛል። ቄስ ይፈታል፤ የመንደር አፍ ግን አይፈታም። እኔ ጥጌን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ድምፄ ይሂድላት።»

መጀመሪያ ከበሮውን ለብቻው መቱልኝ። ከዚያ ሄድፎን አድርጌላቸው ከበሮውን እየሰሙ እንዲዘፍኑ ነገርኳቸው። አንድ ስንኝ አወጡና ዝም አሉ። አስጀመርኳቸው፤ አሁንም እዚያው ላይ ዝም። ግጥሙ የጠፋባቸው መስሎኝ ጠየቅኳቸው።

«ግጥሙማ መች ጠፋ። ተቀባይ የለማ።»

ተቀባዮቹ በኋላ ለብቻቸው ተቀርጸው እንደሚገቡ አስረዳኋቸው። ሥራው እንዲህ ነው፣ ሁሉም የሚቀረጸው በየተራ ነው አልኩ፤ እንደ አስተማሪ።

«እስከዚያስ ከማን ጋር ልዝፈን? ከበጉ ፀጉር ጋር?»

ሴቶች ከሞላሌ እንዳናስመጣ ነገሩ ከሠርጉ በፊት ይወጣል። የክፍሉ ሕግ ደግሞ ከዘፋኙ በቀር ማንም ድምፅ እንዳያሰማ ነው። ትንሽ አሰብኩና ከመጋረጃው ወዲህ ሁለተኛ ማይክ ለራሴ አቆምኩ። ለእሳቸው ሄድፎኑን በአንድ ጆሯቸው ብቻ አደረግኩላቸው፤ በአንዱ ከበሮውንና እኔን ይሰማሉ፣ በሌላው የራሳቸውን ድምፅ። ሲያወጡ ተቀበልኳቸው። ድምፄ ቀጭን ነው።

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ» አሉ ከመጋረጃው ማዶ። «ሠርግ ነው፣ ጾም አይደለም።»

ጠበቅ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ማንም ያቆማቸው የለም።

ቃል የገባሁልሽ ጨቅላ ሳለሽ ገና፣
ይኸው አመጣሁት ሠርግሽ ደረሰና።

እዚህ ላይ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ልድገመው ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም ይድገሙት አላልኩም። ሰባት ዘፈን ቀርጸን በቀትሩ ሚኒባስ ተመለሱ።

አሁን ደግሞ እኔን እዩኝ። ሚክሱን ለብቻዬ ልሠራ ነው! አንድ ተቀባይ ለሠርግ አይበቃም ብዬ ራሴን ስድስት ጊዜ ቀረጽኩ። አንዴ ማይኩ አጠገብ፣ አንዴ በሩ ጋ ቆሜ፣ አንዴ እንደ አሮጊት አጎርንኜ። ሦስቱን ወደ ቀኝ፣ ሦስቱን ወደ ግራ አደረግኳቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ክፍሉ በሴት የተሞላ ይመስለዋል።

ጋሽ ደምሰው ተመልሰው ሰሙት። ሥራው ንጹሕ ነው አሉ። የት እንደሚከፈት ጠየቁኝ፤ ዳስ ውስጥ፣ በትልቅ ስፒከር አልኳቸው። ባለቤታቸውን እትዬ የሺን ጠሩና ዘፈኑን እንዲቀበሉ ነገሯቸው። እትዬ የሺ የሞላሌ ልጅ ናቸው። እጃቸውን በነጠላቸው አደራርቀው ማጨብጨብ ጀመሩ። በአገራቸው ልማድ መቀበያውን ሳብ ያደርጉታል፤ ስድስቱ እኔ ግን ቀድመዋቸው ጨርሰዋል። በሁለተኛው ስንኝ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ተዉት።

«ቦታው ተይዟል» አሉ።

የሦስት ቀን ሥራ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ጋሽ ደምሰው፣ ለሚኒባስ ተሳፋሪ ቢሆን አንድም ነገር አትንኪ እልሽ ነበር አሉ። ዋናውን ነገር የነገሩኝ ግን እትዬ የሺ ናቸው።

«ሴቱ አስካለን ቁጭ ብሎ ከሰማት ያማታል። ከተቀበላት ግን ምን ብሎ ያማታል? አብሮ ዘፍኖ!»

ስድስቱንም ድምፆቼን ዘጋኋቸው፤ መጀመሪያ የተቀበልኩትንም ጨምሬ። መቀበያው ቦታ ላይ ከበሮው ብቻ ቀረ። ሳብ ለሚያደርጉትም እንዲበቃ በየክፍተቱ አንድ አንድ ዙር ከበሮ ጨመርኩ። ብቻውን ሲሰማ ያላለቀ ሥራ ይመስላል።

የሠርጉ ዕለት ፍላሽ ዲስኩን ይዤ ሞላሌ ወረድኩ፤ ስፒከሩ ጋ የቆምኩት እኔ ነኝ። እማማ አስካለ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ጥግ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። የመጀመሪያው ክፍተት መጣ፤ ከበሮው ብቻውን መታ። እማማ አስካለ አንገታቸውን ደፉ። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። በሁለተኛው ክፍተት ወጥ የምታወጣ አንዲት ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች ተቀበለች። በሦስተኛው ጓዳው ተቀበለ፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ሐዘንተኛ ሲዘፍን ደግ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ባለ ጭልፋዋ ቀድማ መለሰች።

«አስካለ መች ዘፈነች፣ አባ? ተቀምጣለች እኮ። የዘፈንነው እኛ ነን።»

ሽማግሌው ብርሌያቸውን አነሱ። ትርሲት ከመቀመጫዋ ተነስታ ሄዳ የእማማ አስካለን ጉልበት ሳመች። ሁለተኛውን ዘፈን ከፈትኩ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ከሁለት ዓመት ተኩል ያገኘሁት ይህ ነው፤ ሚክስ ከመጀመራችሁ በፊት ድምፁ የት እንደሚከፈት፣ ማን አብሮ እንደሚዘፍን ጠይቁ። ለዳስ ከሆነ የተቀባዩን ቦታ አትሙሉት።