ቁንጥር ናት

ስፌት ቤቱ ውስጥ ስሟ «መርፌ» ነበር። ከሲታ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ለግማሽ ሴንቲ ሜትር ስለምትጣላም ጭምር ነው። «ግማሽ ሴንቲ ትከሻ ላይ ሰውን ያጎብጣል» ትላለች፣ ያለቀለትን ኮት መልሳ እየተረተረች።

ለዓመታት ሆዷ ሲነፋ፣ ደሟ ሲያንስ፣ ተቅማጡ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጣት፣ አንዱ ጨጓራ ነው አላት፣ ሌላው ጭንቀት። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ደሟን አስመረመረች፤ በቀጭን ቱቦም ከአንጀቷ ናሙና አስወሰደች። ሴሊያክ የሚባል በሽታ ነበር። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሆዷ ሲገባ፣ ሰውነቷ የገዛ አንጀቷን ያቆስላል። መርፌ ሳቀች። ጠላቷ ዳቦ! በየጠዋቱ ከእህቷ እጅ የምትቀበለው፣ ሲቆርሱት የሚተነፍሰው ዳቦ!

«መድኃኒቱስ?»

«አለመብላት ነው። ቁንጥር እንኳን።»

ታላቅ እህቷ ይህን ስትሰማ ዳግም ዳቦ ላታበላት አልቅሳ ማለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ወጥ ቤቱ የእሷ ነው። ዳቦው ከቤት ወጣ፤ ሩዝና ድንች ገባ። መርፌም ባልደረቦቿ ኬክ ሲቆርሱ ውሃዋን እየተጎነጨች ስምንት ወር ቻለች።

የደም ምርመራዋ የሚያሳየው የበሽታው ልክ ግን ንቅንቅ አላለም።

«እየበላሽ ነው» አለቻት ሐኪሟ። «እንዲህ ከቀጠለ አጥንትሽም ይጎዳል።»

«እኔ? ከእህቴ እጅ በቀር የማንንም አልቀምስም!»

«የእህትሽስ እጅ ምን ይጨምራል?» አለች ሐኪሟ። ጥያቄዋ መርፌን እስከ ቤቷ ተከተላት።

ቤት ስትደርስ እህቷ ጀርባዋን ሰጥታ የድንች ሾርባ ታማስላለች። «ስኳር» ተብሎ የተጻፈበትን ቆርቆሮ ከፈተች፤ በማንኪያ ነጭ ዱቄት አውጥታ በውሃ በጠበጠችና ሾርባው ላይ ደፋችው።

«እሱ ምንድን ነው?»

እህቷ ክው አለች፤ ወዲያው ግን ሳቀች። «ማወፈሪያ ነዋ! ቁንጥር ናት።»

«ስንዴ ነው?»

«ዳቦ መች አበላሁሽ? ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ በልተሽው ሞትሽ እንዴ? ከስተሽ ከስተሽ ልታልቂብኝ ነው እኮ! ሰው በረሃብ ገደለቻት ይበለኝ?»

መርፌ ማንኪያውን የያዘችውን እጅ አየች። ሆዷን ይዛ በተጠቀለለች ቁጥር ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ የምትዳብሰው ይህችው እጅ ናት። ይህችው!

በማግስቱ የራሷን ድስትና ማማሰያ ገዛች፤ የማማሰያውን እጀታ በቀይ ክር አሰረችው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ወጥ ቤት ሁለት ድስት ይጣዳል። በአራተኛው ወር ደሟ ውስጥ የበሽታው ልክ መውረድ ጀመረ። ጉንጯም ሞላ።

«እንግዲህ ዳንሽ፤ ታረቂኛ» አለች እህቷ አንድ ቀን፣ ምድጃው አጠገብ ተጠግታ። ከመርፌ ድስት ቀመሰችና ፊቷን አኮማተረች። «ኤጭ! አልጫ ነው። እንኪ፣ ቁንጥር ጨው።» ከጨው ዕቃው ሲነሳ መርፌ በዓይኗ አይታዋለች። ጨው ነው።

መዳፏ ግን ቀድሟት የድስቱን አፍ ሸፈነ። እንፋሎቱ እየለበለባት አላነሳችውም።