ሰው ያለው ወንበር

ማዘጋጃ ቤቱ በፈረንሳይዋ ከተማ በሜትዝ ላሉ ጡረተኞች በየዓመቱ የቴኒስ ውድድር መግቢያ ትኬት ያድላል። ሞሪሴት ከባሏ ከፌርናን ጋር ገብታ ስትቀመጥ አንዲት ሴትዮ ከፊቷ ተቀምጣ አገኘች። ክርኑ የተጣፈ ካፖርት የለበሰች ረጅም አሮጊት ናት። አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ የከተማውን እግር ኳስ ቡድን የአንገት ልብስ እንደ ሕፃን አስተኝታዋለች።

አስተናጋጇ መጣች። "እማማ፣ ይሄ ቦታ ሰው አለው?"

"አለው እንጂ የኔ ልጅ! ባለቤቴ ነው። ኳስ ሜዳ ስለለመደ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ከጮኸ እንዳትቆጪው።"

ከኋላ የተቀመጡት በሳቅ ፈነዱ። ሴትዮዋ ጉዳይዋም አልሆነ። መንደሪን ልጣ ግማሹን ለራሷ አስቀረች፣ ግማሹን የአንገት ልብሱ ላይ አኖረችና ጎንበስ ብላ ስለ ግራኙ ተጫዋች ታወራው ጀመር።

ሞሪሴትን ቅናት እንደ ቃር አቃጠላት። ባል በሞተባት ሴት ይቀናል? እሷ ግን ቀናች። ፌርናን በጉብዝናቸው ዘመንም ከኳስ ሜዳ ሲመለስ፣ ማን ጎል እንዳገባ ደረጃው ላይ ቆሞ ለጎረቤት ያወራ ነበር እንጂ ለእሷ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

"አንተ፣" አለችው፤ "እኔ ብሞት የአንገት ልብሴን እንዲህ ይዘህልኝ ትመጣለህ?"

"ዝም በይ፤ ሊመታ ነው።"

በቴኒስ ኳስ ሲመታ ዝም ማለት ደንብ ነውና አዳራሹ ሁሉ ጸጥ አለ። ከፊት ያለችው ሴትዮም ወሬዋን ገታ አድርጋ፣ የአንገት ልብሱን መታ መታ እያደረገች፣ "ቆይ፣ ነጥቡ ሲያልቅ እነግርሃለሁ" አለችው በሹክሹክታ።

ነጥቡ አለቀ። ሴትዮዋ ወሬዋን ቀጠለች። ሞሪሴትም ወደ ፌርናን ዞራ ጠበቀች፤ እሱ ያጨበጭባል።