ሬሳ የሌለው ሙሾ

የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ ርእስ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሙሾ ነው። ለዓመታት ዜና ስሠራ ኖሬ ወደ ትምህርት የተመለስኩት ዘግይቼ ነው። ንባቡና ቃለ መጠይቁ ቢያልቅም አማካሪዬ አልረኩም። "ሰዎች ስለ ሙሾ የነገሩህን አየሁ፤ ሙሾው ራሱ የት አለ? ድምፁን ካላመጣህ ጥናቱ አያልፍም" አሉኝ። በማግሥቱ ጠዋት ከደብረ ታቦር በሚኒባስ ተነሣሁ።

ንፋስ መውጫ

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ገና መከፈቱ ነው። ጭጋጉ ከኮረብታው አልተነሣም። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ሲጠይቅ እንኳ የተከራከረ ተሳፋሪ አልነበረም። ሽሮ በልቼ በጭነት አይሱዙ ወደ አርብ ገበያ ቀጠልኩ።

አርብ ገበያ

ዓርብ ቢሆንም ገበያው ሳስቷል። ገብስ የሚሸጡ ሽማግሌ አግኝቼ አልቃሽ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

"ማን ሞተብህ?"

"ማንም። ለትምህርቴ ነው።"

"እንግዲያ ትምህርትህ እስኪሞት ጠብቅ" አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። ቢሆንም ስማዳ ውስጥ የሚኖሩ እትዬ የሺ የሚባሉ አልቃሽ ጠቆሙኝ።

ስማዳ

እትዬ የሺ ደጃቸው ላይ አተር ያበጥሩ ነበር። የመጣሁበትን ሲሰሙ ሰፌዱን አስቀመጡ።

"ሬሳ ሳይኖር ሙሾ ማውረድ ሞት መጥራት ነው። የማንን ልጅ ልጥራልህ?"

መቅጃዬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። የዓመታት ሥራ እዚያ ደጅ ላይ የቀረ መሰለኝ። ልነሣ ስል ጠየቁኝ።

"ቀብሩ ላይ ያልደረስክለት ሰው የለህም?"

"እናቴ አለች። እስቴ ነው የሞተችው። መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ ነበር፤ መርዶውን የሰማሁት ከአርባዋ በኋላ ነው።"

"ታዲያ ይኸ ባለሬሳ ነው" አሉና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። መቅጃውን ልክፈት ወይ ብላቸው፣ "ክፈተው፤ እኔ የማለቅሰው ለእሷ እንጂ ለእሱ አይደል" አሉኝ።

አልቃሽ ከመጀመሯ በፊት ስለ ሟች ትጠይቃለች። የእናቴን ስም፣ ወገኗንና የወለደቻቸውን ዘረዘርኩ።

"ይኸንስ ነፍስ አባቷም ያውቁታል። ምን ያስቃት ነበር? ማን ይናፍቃት ነበር?"

አላውቅም። እሳቸውም ባላወቅሁት ጀመሩ፤

"ያገሩን ሰው ሁሉ ጠይቆ ሲያበቃ፣
እናቱ ሄደች ወይ ተራዋን ጠብቃ።"

አውድማ ላይ የነበሩ ጎረቤቶች ድምፁን ሰምተው መንሻቸውን እየጣሉ መጡ። የሞተው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀምጠው አለቀሱ። አንዷ ንፍሮ ይዛ መጣች። "እግዜር ያጥናህ" ይሉኝ ነበር። እኔም አልቅሻለሁ፤ ቅጂው ላይ ይሰማል።

ዩኒቨርሲቲ

በጥናት ደንብ የሟች ስም አይጻፍም፤ በኋላ ለቅሶ ቤት ሙሿቸውን ከቀዳሁላቸው ሌሎች ሟቾች ጋር እናቴ "ሟች ሐ" ተብላ ገባች። ጥናቱን ለገምጋሚዎች ባቀረብኩበት ቀን አንደኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

"የሟች ሐ ሙሾ ከሁሉም ይበልጣል። ስለ ሟቿ የቀረበው መረጃ ግን ስስ ነው። ለምን?"

"መረጃ ሰጪው አያውቅም ነበር።"

"ሌላ መረጃ ሰጪ ይጠየቅ" አሉ። ይህን እርማት ሳስገባ ዲግሪው እንደሚጸድቅ ተነገረኝ።

እስቴ

ታላቅ እህቴ እናታችን ቤት ትኖራለች። ገና ሳልቀመጥ ጠየቅኋት።

"እታለም፣ እማዬን ምን ያስቃት ነበር?"

"ይኸን ለመጠየቅ ነው ዶክተር መሆን ያስፈለገህ?" አለች። ከዚያ ወንበር አቀረበችልኝ። "ስትስቅ አስታውሳለሁ። በምን እንደሆነ ግን እንጃ። እኔም አልጠየቅኋት፤ ሥራ ነበረብን።"

"ማን ይናፍቃት ነበር?"

"እሱንም የምታውቀው እሷ ነበረች።"

ቅጂውን አሰማኝ አለችኝ፤ ከፈትኩላት። የእትዬ የሺ ድምፅ "ተራዋን ጠብቃ" ላይ ሲደርስ እህቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ወዲያው የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማሁ።

ስመለስ እርማቱን ጻፍኩ። በዚህ ሁሉ ጉዞ በራሴ ያረጋገጥኩት እሱን ብቻ ነው፤ "ስለ ሟች ሐ ሊናገር የሚችል በሕይወት ያለ ሰው አልተገኘም።"