ስሙን የደበቀው አደንጓሬ በሊታ

ተገኘ! በሕይወት አለ፣ እጁም እግሩም ሙሉ ነው፤ እንዲያውም ሰው ሰድቧል! አልሃምዱሊላህ! የማን ልጅ ብትሉ የቴኒን፣ የእኛዋ የሴጉ ዓሣ ነጋዴ ልጅ፣ ዛን ዲያራ ነው።

ቴኒን ጦርነት ካመሰው መንደሯ ልጇን ይዛ ሴጉ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ዛን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው «ዓሣ በምታደርቂበት ጭስ ዓይንሽ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አላይም» አላትና በበረሃው በኩል ከማሊ ወደ አልጄሪያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ድምፁ ጠፋ። ጎረቤቱ በሹክሹክታ ያለቅስለት ጀመር። አንድ አታላይ ደግሞ «ልጅሽ እኛ ዘንድ ነው» ብሎ ዋሽቷት ስለነበር፣ ስልክ ሲጮኽ ራሷ አታነሳም።

ዛሬ ረፋድ ላይ ጮኸ። የሟች ባሏ ወንድም ሞሎባሊ አነሳና ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«የአደንጓሬ በሊታዎቹ ቤት ነው?» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ትራኦሬ ነኛ፣ ጌታህ!»

ሞሎባሊ ሳይወድ ሳቀ። ትራኦሬና ዲያራ የተባሉት ሁለት ዘሮች ከቅድመ አያት ጀምሮ ‹አደንጓሬ በሊታ› እየተባባሉ ለመሰዳደብ የተፈቀደላቸው ናቸው፤ የሚቀየም ራሱ ይዋረዳል።

ሰውዬው ኒጀር፣ በረሃው ጠርዝ ላይ ስደተኛ ያስጠልላል። «ሾፌሩ ስደተኞቹን መንገድ ላይ ጥሏቸው ሄዶ በእግራቸው ነው የመጡት። ሁለቱ አሸዋው ላይ ቀሩ፣ አላህ ይማራቸው። ይሄ ልጃችሁ ባዶ እጄን ምን ብዬ ቤቴ እደውላለሁ ብሎ አፍሮ፣ ስሙን እንኳ አልናገር አለ። ትናንት አደንጓሬ አቀረብኩለትና፣ ‹ብላ፣ መቼም ዲያራ ሳትሆን አትቀርም፣ ሆዳም! ትራኦሬ ነኝ› አልኩት። ዝም ያለ ሁሉ ሲመጣ እንዲህ ነው የምሞክረው። ቀና ብሎ ‹ሆዳሙስ ትራኦሬ! እኛ ባናበላችሁ ዘራችሁ ባለቀ ነበር!› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ስሙንም ስልካችሁንም ነገረኝ።»

ቴኒን ስልኩን ነጠቀች። «ተረት አልፈልግም። ልጄን አቅርብልኝ!»

ትንሽ ኮሽታ። ከዚያ፣ «እማ... አታልቅሺ።»

«ማን አለቀሰ፣ አንተ ጅል!» እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «ጫማ አለህ?»

«የትራኦሬን አድርጌያለሁ። ይሰፋኛል።»

«ዲያራ በትራኦሬ ጫማ!» ጮኸ ሞሎባሊ። «አዋረድከን እኮ!»

«እማ፣ ሐሙስ ወደ ባማኮ የሚመለስ መኪና አለ። ባዶ እጄን ብመጣስ?»

«እጅህን ይዘህ ና!» አለችና ምድጃው አጠገብ ዝርግት አለች። ዓሣው ከስሎ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየው።

ታላቅ እህቷ ሲታን ግን ገና አልሰማችም! ከወንዙ ማዶ ማሳዋ ላይ ናት፤ ሮጬ ልንገራት፣ ጀልባውም ሊነሳ ነው። አንተ ባለጀልባ፣ ቆየኝ!